ሽማግሌ ያስቆመች አራት ደቂቃ

ሚስቴ ይህን ታሪክ ለሰው ስታወራ የምትጀምረው «የሱን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ» ብላ ነው። ከዚያ እጇን እያወናጨፈች፣ ድምፄን እያስመሰለች፣ ያላልኩትን ሁሉ ጨምራ ትተርከዋለች። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ። አሁን ግን ራሴ ልጽፈው ነው። ጥፋቴ መነገሩ ካልቀረ በገዛ አፌ ይሁን።

ሴት ልጄን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት በጥቅምት ወር፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን ጊዜ መልሻቸዋለሁ። አልሰጥም አላልኩም፤ ቀን ነው የገፋሁት። መጀመሪያ ሲመጡ «ዘመድ ላማክር» አልኩ። እዚህ አሜሪካ በምንኖርባት በዋይሊ ከተማ የማማክረው ዘመድ እንደሌለኝ፣ ጎንደር ያለው አጎቴም ስደውልለት ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅበት ሁሉም ያውቃል። ደንብ ነውና «ይሁን» ብለው ሄዱ። ሁለተኛ ሲመጡ «ዘር ይቆጠር» አልኩ። «እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሌለን ይጣራ።» የልጁ ወገኖች የሐረር ሰዎች ናቸው፣ እኛ የጎንደር። ቅድመ አያቶቻችን ተገናኝተው ከነበረ ተአምር ነው። ሚስቴ ያን ቀን የማንኪያውን መሳቢያ እንዴት አድርጋ እንደዘጋችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ልጁን አልጠላሁትም። ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብር፣ ሲበላ እንኳን ድምፅ የማያሰማ ልጅ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንከን ስፈልግበት ከርሜ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያትል ነው፣ በአውሮፕላን አራት ሰዓት የሚያስኬድ። ከተጋቡ ይዟት ይሄዳል። እሷ ደግሞ አንድ ናት፤ ሌላ ልጅ የለንም። «ልጄ ከአጠገቤ እንዳትርቅ ፈራሁ» ብሎ መናገር ለአንድ ትልቅ ሰው ምን ይከብደዋል? ከበደኝ። ስለዚህ ሰባት ቤት አስቆጠርኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጄ መኪናውን እየነዳች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ ብትመልሳቸው አራተኛ አይመጡም። ሽማግሌ ሦስቴ ነው ብለውኛል። ሶ፣ እኛ ኮርት ሄደን እንፈርማለን። ኮል አድርጌ ጠይቄያለሁ፣ ቀላል ነው። አንተ ሳትመርቀኝ ማግባት አልፈልግም። ግን አገባለሁ፣ ኦኬ?»

ብትጮህ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፣ እንደ ልማዳችን ተጯጩኸን ይወጣልን ነበር። የነገረችኝ ግን በዝግታ ነው። ያስፈራኝም ዝግታዋ ነው። እናቷ ከኋላ ወንበር ሆና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች፤ እንደምታውቅ ገባኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ያልኩት ለየትኛው እንደሆነ ግን እኔም አላወቅሁትም።

ወደ ሽማግሌዎቹ ከመሄዴ በፊት ስለ ኳሱ ልናገር፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ኳስ ስል በእጅ የሚያዘውን፣ እንቁላል የመሰለውን የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው። ይህን አገር እንደረገጥን የተከራየነው ቪከሪ ሜዶ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ነበር። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ ቴሌቪዥን አለ፤ የሚያሳየው ሦስት ጣቢያ ነው፣ እሁድ ሲሆን ሦስቱም ኳስ። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። እሁድ አብረን እናያለን፤ ያልገባንን እሷ ሰኞ ትምህርት ቤት ጠይቃ ትመጣና ታስተምረኛለች። ሲገባኝ «ጉድ ጆብ» ብላ ኮከብ የምትመስል ማስቲሽ ያላት ወረቀት እጄ ላይ ትለጥፍልኛለች። ከነኮከቤ ሥራ የገባሁበት ቀን አለ።

ሰው በዚህ ጨዋታ የሚወደው ሩጫውን ወይም ግጭቱን ነው። እኔ የወደድኩት ሰዓቱን ነው። እንደኛ ሰዓት ዝም ብሎ አይነጉድም። የተወረወረው ኳስ ሳይያዝ መሬት ከወደቀ ሰዓቱ ይቆማል። ሯጩ ከጎኑ መስመር ከወጣ ይቆማል። ሜዳው ውስጥ ከተጣለ ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። አንድ ቡድን ታይም አውት ብሎ ሦስት ጊዜ ሊያስቆመው ይችላል፤ ሦስቱን ከጨረሰ አለቀለት። ስለዚህ ወደ ማብቂያው ላይ በነጥብ የበለጠው ሰዓቱን ለመጨረስ ይንቀረፈፋል፣ ያነሰው ደግሞ ሰዓቱን ለማዳን ይራወጣል። እኔ ከአየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የማመላልስ ሹፌር ነኝ። አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ሲያቃስት ስሰማ ነው የምውለው። ሰዓት አስቁሞ እፎይ ማለት የሚቻልበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ መኖሩን ሳይ እንዴት አልወድ?

በወረቀት ላይ ጨዋታው አንድ ሰዓት ነው። የሚያልቀው ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። «ሁለት ደቂቃ ቀረው» ስላት ሚስቴ ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች። ጨዋታው ሲያልቅ ወጡ ደርሷል።

ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁት ቀጠሮ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። የከተማችን ቡድን ጨዋታ የሚጀምረው እኩለ ቀን ላይ፣ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ነው። የሐበሻ ቀጠሮ ነውና ቢፈጥኑ ቢፈጥኑ አሥር ሰዓት ይመጣሉ። በመካከሉ እታጠባለሁ፣ ሙሉ ልብሴን እለብሳለሁ፣ ልቤን አደላድላለሁ፣ ምን እንደምመልስ አስባለሁ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተደወለ።

ቀድሞ የመጣ ሐበሻ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥፋተኛው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሌዊስቪል ከምትባል ጎረቤት ከተማ የመጣው ሰው ነበር። የሚሠራው ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እዚያ ሦስት ደቂቃ ያረፈደ ይጻፍበታል፣ ደጋግሞ የተጻፈበት ይሰናበታል። መጋዘኑ ሐበሻነቱን አስጥሎታል። ሌሎቹን ሁለቱን በመኪናው ጭኖ፣ የመንገዱን መጨናነቅ አስልቶ ይኸው ደረሰ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የለበስኩትም ጀርባው ላይ ቁጥር ያለበት የቡድኑን ማሊያ ነው።

«ጋሼ፣ ቀደምን እንዴ?» አለ የሌዊስቪሉ ሰው። «ፓርክ ለማድረግ ጊዜ ይወስዳል ብለን ነበር።» ቤቴ በር ላይ አሥር መኪና የሚያስቆም ቦታ አለ።

ከሱ በፊት የገቡት ሰማንያን የተሻገሩ አባት ናቸው። ልጃቸው ዘንድ ለመኖር በቅርብ የመጡ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ድምፃቸው ግን ገና የሚያስደነግጥ ሰው ናቸው። መጨረሻ የገባው የልጁ አጎት ነው፤ ብብቱ ሥር ወፍራም ማኅደር ሸጉጧል። ሰባቱ ቤት መሆኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሚስቴ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር የተዋሰቻቸው አሥራ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በቴሌቪዥኑ ላይ አራት ደቂቃ ቀርቷል፤ የኛ ቡድን በአንድ ነጥብ ይበልጣል፣ ኳሱም በእጁ ነው።

ሰላምታ ተለዋወጥን። ከሰላምታው በኋላ የእኔ ቃል ነው የሚጠበቀው። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። የቤቱ ጌታ «ተቀመጡ» ካለ «እሰማችኋለሁ» ማለቱ ነው። ከሰማ ደግሞ መልስ መስጠት አለበት። ሦስቱም ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል። ሚስቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ልጄ ወግ ስለሆነ አትታይም እንጂ ከደረጃው ላይ ቆማ እንደምትሰማ አውቃለሁ።

«አባቴ» አልኩ ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ «አራት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ። ይህች ነገር ልታልቅ ነው።»

ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። «አራት ደቂቃ ምን አላት» አሉ። «እንቆማለን።»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ሰርቄ ያልተያዝኩ መሰለኝ። አራት ደቂቃ ማለት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነው፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሰው ሊታመም ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ሲያትል ያለው ሥራ ሊሰረዝ ይችላል። እሳቸው ግን ይህን ከየት ያውቃሉ? እንግዳ ቆሞ እኔ መቀመጥ ስለማልችል እኔም ቆምኩ። እኔ ስቆም ሚስቴ መቀመጥ አልቻለችም። አሥራ ሁለት ባዶ ወንበር ከበን አምስት ሰው ቆምን።

የኛ ቡድን ማድረግ የነበረበት አንድ ነገር ነው፤ ኳሱን ለሯጭ እየሰጠ፣ ሜዳው ውስጥ እየወደቀ፣ ሰዓቱን መጨረስ። ሕፃን ያውቀዋል፤ ልጄ በስምንት ዓመቷ ታውቀው ነበር። አሰልጣኙ ግን ኳሱን አስወረወረ። ተወረወረ፣ ማንም ሳይዘው መሬት ወደቀ፣ ሰዓቱም ቀጥ አለ።

«አንተ ደንቆሮ!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱም ደነገጡ። «ማንን ነው?» አሉ አባት።

«አሰልጣኙን ነው አባቴ፣ ይቅርታ። ሰዓቱን አስቆመው።»

«ሰዓት ያስቆማል?»

«ያስቆማል። አሁን ግን ማስቆም የሌለበት ሰዓት ላይ ነው ያስቆመው።»

አማተቡ። «ከኢያሱ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» አሉ።

ከዚያ ወደፊት መግፋት ስላልቻልን ኳሱን ለባለጋራ ሰጥተን ማስታወቂያ ገባ። የጉልበት ሕመም መድኃኒት ነው። ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጆች እየዘለሉ ይጨፍራሉ፣ ከዚያም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። አባት ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያልቅ የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ልጄ፣ አራቷ ደቂቃ አላለቀችም?»

«ሦስት ከሃያ ቀርቷል።»

«ሦስት ሰዓት?»

«ሦስት ደቂቃ ነው አባቴ።»

«እኔ ከቆምኩ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነኝ እኮ።»

«ልክ ነዎት። ያ ግን ሌላ ሰዓት ነው።»

ሚስቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየኋት። ወይ ለኔ እየጸለየች ወይ እየረገመችኝ ነው። ሄዳ ወንበር አመጣችና ከአባት ኋላ አስጠጋች። «አባቴ፣ እባክዎ አረፍ ይበሉ፣ ይህ እንደ መቀመጥ አይቆጠርም» አለቻቸው። «ይቆጠራል ልጄ» አሏት። «አፌን ሳልከፍት ወገቤን አላጥፍም።» ውሃ አቀረበች፤ አልጠጡም። ትራስ አምጥታ ከግድግዳው ጋር ልታስደግፋቸው ስትሞክር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተሩ፣ አንድ ተጫዋች ሙሉ ጋረዱብኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን የምለውን አውቅ ነበር። «አባቴ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ» አልኳቸው እጅ ነስቼ። ወደ ግራ አሉ። አጠገቤ ሲደርሱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ፤ እዚያው ተውት። እንደ ምርኩዝ ተደግፈውኝ ቆሙ።

ባለጋራዎቻችን ኳሱን ይዘው ወደኛ መግፋት ጀመሩ። የሌዊስቪሉ ሰው ከገባ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እያየ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ዓይኑ እየተንሸራተተ መጥቶ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ምራቁን ዋጠ።

«ጋሼ… ማለቴ…» አለ በመጨረሻ። «ታይም አውት ስንት ቀርቶናል?»

የልጁ አጎት በክርኑ ጎሸመው።

«አንድም» አልኩት። «ሦስቱንም ገና ድሮ ጨርሷቸዋል።»

«ኖ! ኦ ማይ ጋድ!»

«አንተ ልጅ፣ ለምን እንደመጣን ረሳኸው እንዴ?» አሉት አባት። «አልረሳሁም አባቴ» አለ፣ ዓይኑን ግን አላነሳም።

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ዳኞቹ ጨዋታውን አስቆሙ። ደንቡ ነው፤ ሁለት ደቂቃ መቅረቱን ለሁሉም ለማሳወቅ ያስቆማሉ። ይህን ለአባት ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡበት። «ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደቀረ ለመንገር ሦስት ደቂቃ ይወስዳሉ?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላቸው» አሉ። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ሳቅ ግን አልመጣልኝም። ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጃቸው እየከበደ መጣ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ የሰማንያ ዓመት ሰው ቤቴ ውስጥ አቁሜ፣ ያቆምኩበትን ምክንያት ደግሞ ኳስ ነው እያልኩ፣ በልቤ ግን ኳስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አፈርኩ። አፍሬም ግን «ተቀመጡ» አላልኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ጨዋታው ቀጠለ። ባለጋራዎቹ አንድ ረጅም ኳስ ያዙና ሯጩ ነጥብ ከሚቆጠርበት ከኛ መግቢያ ሊደርስ ስድስት እርምጃ ያህል ሲቀረው ከመስመር ወጣ። ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ላይ ቆመ። የሌዊስቪሉ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ማድረግ ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልቀቁት!» ብዬ ጮህኩ። «ይግባ! አትያዙት!»

አባት ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉ። «ልጄ፣ ለማን ነው የምትጮኸው?»

«ለኛዎቹ ተከላካዮች ነው።»

«ጠላት ደጃፍ ላይ ቆሞ ልቀቁት ትላለህ?»

«አባቴ፣ እኛ የምንበልጠው በአንድ ነጥብ ነው። እነሱ ከዚህ ርቀት በእግር ቢመቱት አይስቱም፤ ሦስት ነጥብ አግኝተው ያሸንፋሉ። አሁን ግን አይመቱም። ሆን ብለው ሰዓቱን ያስጨርሱና በመጨረሻዋ ሰከንድ ይመታሉ። ያኔ እኛ ኳሱን ሳንነካ ጨዋታው ያልቃል።»

«እሺ።»

«አሁኑኑ ብንለቃቸው ግን ሮጠው ይገባሉ። ስድስት ነጥብ ያገኛሉ፣ ያገኙት። ካገቡ በኋላ ኳሱ ለኛ ይሰጣል። አንድ ደቂቃ ከአርባ ምናምን ሰከንድ ይቀረናል። በዚያ ብዙ ነገር ይሠራል።»

«አጥብቃችሁ ብትይዟቸውስ?»

«ብንይዝም ለውጥ የለውም። ማሸነፋቸው አይቀርም። የራሳችንን ጊዜ ነው በከንቱ የምናቃጥለው።»

አባት ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «አሰልጣኙ ይህን አያውቅም?»

«ያውቃል እንጂ። ማን የማያውቅ አለ።»

«ታዲያ ለምን አይለቅም?»

«ከባድ ነው አባቴ» አልኩ። «ያን ያህል ሲከላከሉ ውለው፣ በገዛ እጅ መልቀቅ…»

ቃሉን አልጨረስኩትም። ከደረጃው በኩል አንድ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ሚስቴ የያዘችውን ፎጣ አፏ ላይ አድርጋለች። የሌዊስቪሉ ሰው እንኳን ዓይኑን ከጨዋታው አንስቶ እኔን ያያል። የአባት እጅ አሁንም ትከሻዬ ላይ አለ። ሁለት ወር ሙሉ በራሴ ቤት ስሠራ የኖርኩትን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በአማርኛ አብራርቼ ተናገርኩት።

በቴሌቪዥኑ ላይ ኳሱ ተጀመረ። ሯጩ ወደ መግቢያው ሲመጣ የኛ ሰዎች አልለቀቁትም። አራት ሆነው ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት፣ ተነሥተውም ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። ስታዲየሙ በደስታ ተናወጠ። ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ ሲጮህ ተሰማ። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሰዓቱ ደግሞ ይቆጥራል፤ አንድ አርባ ሦስት፣ አንድ አርባ ሁለት፣ አንድ አርባ አንድ። የሚያስቆምበት ታይም አውት የለም። በዚያ ሁሉ ደስ ባለው ሕዝብ ውስጥ እኔ ራሴን ነው ያየሁት፤ ዘመድ ላማክር ባልኩበት ቀን ልክ እንደዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ሪሞቱን አንስቼ አጠፋሁት።

«ጋሼ ቆይ እንጂ!» አለ የሌዊስቪሉ ሰው። ሁላችንም ዞረን አየነው። «ሶሪ» አለ።

«ተቀመጡ» አልኩ።

አባት ሲቀመጡ ታጣፊው ወንበር ጮኸ፤ እሳቸውም ከወንበሩ ጋር አብረው «እህህ» አሉ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ሁለት ሳምንት የተዘጋጁበት ንግግር እንደሆነ ያስታውቃል። «እንግዲህ» ብለው ጀመሩ፣ «አንድ ዛፍ ብቻውን ጥላው ጠባብ ነው። እኛም ደጅህን ስንጠና የሰነበትነው…»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ቆሙ። «ምን አልክ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ አባቴ። በሙሉ ልቤ።»

«ገና እኮ አልጠየቅንህም!»

«ይጠይቁኝ እንግዲያው።»

ተቆጡ። ከልባቸው ተቆጡ። «ሁለቴ መልሰኸን፣ ዛሬ ይህን ያህል አቁመኸን፣ አሁን ደግሞ አታናግረንም? ትንሽ እንኳን አታቅማማም? የልጅቱ ክብርስ?» ልክ ነበሩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ንግግራቸውን ከመጀመሪያው፣ ከዛፉ ጀምረው አደረሱ፤ እኔም በየመሐሉ እንደ ደንቡ አቀረቀርኩ፣ ተከዝኩ፣ አገጬን ያዝኩ። ሲጨርሱ ወደ አሥር ድረስ በልቤ ቆጥሬ «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሚስቴ እልል አለች። ረጋ ብሎ ያየኝ ሰው ማልቀሴን አይቷል።

«ሰባቱ ቤትስ?» አለ የልጁ አጎት ማኅደሩን ይዞ።

«አያስፈልግም ወንድሜ።»

«አሥራ አራት ገጽ እኮ ነው! ሐረር ስንት ቀን ስደውል ከርሜ፣ ታይፕ አስደርጌ፣ ፕሪንት አድርጌ!»

አነበበልን። አራተኛው ቤት ላይ ሲደርስ አንድ ቅድመ አያት ሁለት ሚስት እንደነበረው ታወቀ፤ በዚያ ላይ አባትና አጎትየው ተከራከሩ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ አይደርስም ተብሎ ከጥምቀት በኋላ ላለው ሳምንት ተቆረጠ። የሌዊስቪሉ ሰው እጁን ሊታጠብ ሄዶ ብዙ ቆየና ተመልሶ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። «በመጨረሻዋ ሰከንድ መቱት ጋሼ። ኳሱን ሳንነካው።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

ሲሄዱ አባትን እስከ መኪናው ድረስ ደግፌ ሸኘኋቸው። መርቀውኝ፣ መርቀውኝ ሲያበቁ «ያ አሰልጣኝ ግን ይነሣ» አሉ።

ስመለስ ልጄ ከደረጃው የታችኛው እርከን ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ስልኳን ይዛለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሁሉንም ሰማሁ» አለችኝ።

«አፍሬያለሁ» አልኳት። «እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።»

«አይ ኖው አባዬ።» ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ስልኳን ከፍታ ቀን መቁጠሪያውን በጣቷ እየገፋች ቆጠረች። «እስከ ሠርጉ አሥራ አራት እሁድ አለን። ሁለቱን ሥራ ነኝ። አሥራ ሁለት። ይበቃናል?»

ልዋሻት ፈልጌ አልሆነልኝም። «አይበቃንም» አልኩ።

ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ብድግ አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ወዴት ነው?»

«አላውቅም። የሆነ ቦታ እንሂድ» አለች። «ዛሬም እሁድ ነው እኮ። ዛሬን አልቆጠርኩትም።»

ጫማዬን ፈልጌ አደረግሁ።